ያለ ጥፋቱ የተከሰሰው ዝግጁ ገጸ ባሕርይ

በሚና ጨዋታ ወዳጆች ዘንድ ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ዳይስ እየጣሉ፣ እያንዳንዱ የአንድን ሰው ሚና ይዞ፣ አንዱ ደግሞ የጨዋታ መሪ ሆኖ ታሪኩንና ሕጉን እየመራ በጋራ ታሪክ የሚሠራበት ይህ ጨዋታ የሚጀምረው ተጫዋቹ ባዶ ወረቀት ይዞ የራሱን ገጸ ባሕርይ ሲፈጥር ነው ይላል። ስሙ፣ ችሎታውና ያለፈ ሕይወቱ ተሞልቶ የሚታደል ገጸ ባሕርይ ግን እንደ ጸሐፊው እምነት ጨዋታውን ከሥሩ ያበላሸዋል።

ጸሐፊው ጨዋታውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ክርክራቸውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ሰው ራሱ ላልፈጠረው ነገር አይሳሳም፤ ስለዚህ የታደለውን የያዘ ተጫዋች ገጸ ባሕርዩ ቢሞትም ባይሞትም ግድ የለውም። ሁለተኛ፣ ገጸ ባሕርይ መፍጠር ሕጉን መማሪያ በር ነው፤ በሩን የዘለለ ሕጉን አያውቅም። ሦስተኛ፣ ታሪኩን ሌላ ሰው የጻፈለት ተጫዋች የሰው ድርሰት የሚያነበንብ ተዋናይ ነው። አራተኛ፣ ዝግጁዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ኩሩ ጎራዴኛ፣ ቁጡ ድንክ፣ ቀልደኛ ሌባ። አምስተኛ፣ ጊዜ ይቆጥባል የሚባለው የሰነፍ የጨዋታ መሪ ሰበብ ነው፤ ለዝግጅት አንድ ሰዓት ያልታገሠ ቡድን መጫወቱም አያምርበትም።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ ሌሎቹ ሁሉ የቆሙት በእሱ ላይ ነውና።

«የፈጠርኩት» የሚለው ቃል ከሚመስለው በላይ ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ የመጀመሪያ እትም ላይ የገጸ ባሕርዩን ጉልበት፣ ብልሃትና የመሳሰሉትን ስድስት ችሎታዎች የሚወስኑት ሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይሶች ናቸው። በመጽሐፉ አገላለጽ ዳይሱን የሚጥለውም የጨዋታው ዳኛ (መሪው) እንጂ ተጫዋቹ አይደለም። ተጫዋቹ የወጣለትን ተቀብሎ ሙያ ይመርጣል፣ ስም ያወጣል፣ በቃ። በ1977 የወጣው ትራቨለር የተባለው ጨዋታ ከዚህም ይብሳል፤ ገጸ ባሕርዩ በየአራት ዓመቱ የአገልግሎት ዘመን ምን እንደተማረ፣ ማዕረግ ማግኘት አለማግኘቱን የሚናገረው ዳይስ ነው። ዳይሱ ከከፋ ጨዋታው ሳይጀመር ሰውየው ይሞታል፤ ተጫዋቹም ሌላ ወረቀት ያነሣል። በ2012 የታተመው ዳንጀን ክሮል ክላሲክስ ደግሞ ለአንድ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት የሚደርሱ ምስኪን ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ይሰጠዋል፤ ችሎታቸው በዕጣ፣ ሥራቸው በዕጣ፣ ሲያልቅ የሚሞቱበት የሕይወት ነጥባቸውም በአንድ ባለ 4 ገጽ ዳይስ የሚወሰን ነው። አብዛኞቹ በመጀመሪያው ምሽት ያልቃሉ። የተረፈውን ግን ተጫዋቹ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል፤ ሌሎቹ ሁሉ ሲያልቁ የቀረው እሱ ነውና።

ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ ተጫዋቹ ከባዶ ወረቀት የፈጠረው ሰው የለም። ፍቅሩ የመጣው ከጠረጴዛው ነው፤ ተጫዋቹ ዋጋ ከከፈለበት ውሳኔ። በሌላ በኩል ለገጸ ባሕርዩ ስድስት ገጽ የሕይወት ታሪክ ጽፎ የመጣና፣ ከዚያ ታሪክ አንዱም መሥመር በጨዋታው ሳይነሣ ስልኩን ሲያይ የሚያመሽ ተጫዋችን የማያውቅ የጨዋታ መሪ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። በየሳምንቱ ለአንድ ዓመት የሚዘልቅ ዘመቻ (ከምሽት ምሽት የሚቀጥል አንድ ታሪክ) ከሆነ፣ ድግምት የሚጠላ ሰው አስማተኛ ታድሎት ዓመቱን ሙሉ ሊሸከመው አይገባም። ረጅም ዘመቻ የራስን ሰው ይፈልጋል። ጸሐፊው ግን የተናገሩት ስለ ሁሉም ጨዋታ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ቁጥር ያስፈልገናል። በ2014 የታተመው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም የተጫዋቾች መጽሐፍ 9 ዘር (ሰው፣ ድንክና የመሳሰሉት)፣ 12 ሙያና 13 የኋላ ታሪክ አለው። ሲባዛ 1404 ይሆናል። ይህ እንግዲህ ንዑስ ዘሮች፣ ችሎታዎች፣ ሙያዊ ክህሎቶች፣ ድግምቶችና ዕቃዎች ሳይቆጠሩ ነው። ጨዋታውን አይቶ የማያውቅ ሰው ከዚህ ሁሉ መካከል ሲመርጥ እየተማረ አይደለም፤ እየገመተ ነው።

ግምቱ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን እንይ። መጽሐፉ ለስድስቱ ችሎታዎች የሚደለደሉ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 የሚባሉ ቁጥሮች ይሰጣል። አዲስ ተጫዋች ሰው የሆነ አስማተኛ መረጠ እንበል፤ ያ ዘር ለሁሉም ችሎታ 1 ይጨምራል። ጠንካራ አስማተኛ ስለፈለገ 15ን ለጉልበት፣ 8ን ለብልሃት ሰጠ። በአእምሮው የሳለው ሰው ጥሩ ነው፤ የልብ ወለድ ጸሐፊ ቢሆን ማንም አይነቅፈውም። በዚህ ሕግ ግን አስማተኛ የሚሠራው በብልሃቱ ነው። ብልሃቱ 9 ሆነ፣ ከእሱ የሚገኘው ጭማሪ ከዜሮ በታች 1። ድግምቱን ለመቋቋም ባላጋራው ማምጣት ያለበት ቁጥር 8 ሲደመር 2 (በደረጃ 1 የሚሰጥ የብቃት ጭማሪ) ሲቀነስ 1፣ ማለትም 9 ነው። 15ን ለብልሃት ቢሰጥ ኖሮ ቁጥሩ 13 ይሆን ነበር። ጭማሪ የሌለው ባላጋራ በባለ 20 ገጽ ዳይስ 9ና ከዚያ በላይ የሚያመጣበት 12 ዕድል አለው፤ 13ና ከዚያ በላይ ግን 8 ብቻ። ከሃያ ድግምት አሥራ ሁለቱ መያዝ ሲገባቸው የሚይዙት ስምንቱ ናቸው ማለት ነው። በዚያ ላይ በየቀኑ አሰናድቶ የሚይዘው ድግምት በደረጃ 1 አራት መሆን ሲገባው አንድ ይሆናል። ተጫዋቹ ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያውቀው አራት ሰዓት ሙሉ እንዳልተሳካለት ነው፤ የሚደርስበትም መደምደሚያ «ይህ ጨዋታ ለእኔ አይሆንም» የሚል ነው።

የጨዋታ መሪው አጠገቡ ቆሞ ያርመው ይባል ይሆናል። ያርመው፤ ግን «15ን እዚህ፣ ይህን ድግምት ውሰድ፣ ያኛው አይጠቅምህም» እየተባለ የተሞላ ወረቀት ዝግጁ ገጸ ባሕርይ ነው። ልዩነቱ ተጫዋቹ በገዛ እጁ መጻፉ ብቻ ነው።

የመማሩ ቅደም ተከተል በተቃራኒው ነው። ዳይስ ጣል፣ ወረቀትህ ላይ ያለውን ቁጥር ደምር፣ ከተባለው ቁጥር ጋር አስተያይ፤ ይህን ማንም በሃያ ደቂቃ ይለምደዋል። ጉልበትና ብልሃት ምን እንደሚያደርጉ በጨዋታ ካየ በኋላ መጽሐፉን ሲከፍት ምርጫዎቹ ትርጉም ይኖራቸዋል። ሦስት አራት ምሽት ለተጫወተ ሰው የራሱን መፍጠር ካየሁት ሁሉ የተሻለ ትምህርት ነው፤ ጸሐፊው ይህን ቢሉ ኖሮ መልስ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ሁሉም ሕግ ይህን ያህል አይከብድም፤ እዚህም ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። ፌት ኮር በሚባለው ጨዋታ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያቸውን የሚፈጥሩት በጋራ ነው፤ አንዱ በሌላው ጀብዱ ውስጥ እየገባ ታሪካቸው ይጋመዳል። እዚያ ዝግጁ ወረቀት ማደል የምሽቱን ምርጥ ክፍል መስረቅ ነው። በ2010 የወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ ደግሞ ክርክሩን ራሱ ያፈርሰዋል፤ ተጫዋቹ የሚያነሣው የሙያ ወረቀት ግማሹ ተሞልቷል፣ ግማሹን ደግሞ ከቀረቡት ምርጫዎች ላይ ምልክት እያደረገ ይሞላዋል። ይህ ዝግጁ ነው ወይስ የተፈጠረ? ጸሐፊው ሁለት ጎራ ብቻ ስላዩ ለዚህ ቦታ የላቸውም።

ሦስተኛው ክስ ከሁሉ ይከብዳል፤ ጸሐፊው በደንብ ያሰቡበትም ይመስላል። ሆኖም ያለፈን ከሚመጣ ጋር ያደባልቃል። ተዋናይ የተሰጠው ድርሰት ቀጥሎ ምን እንደሚል ይነግረዋል። ጥሩ ወረቀት ግን የሚነግረው ከየት እንደመጣና ምን እንደሚፈልግ ነው። ቀጥሎ የሚሆነውን የጻፈ የለም።

እርግጥ መጥፎ ወረቀት አለ፤ ሞልቷል። መጥፎውን ከጥሩው የሚለየው ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንደተጻፈበት ነው። «ወንድሜን ስለከዳሁት እጸጸታለሁ፤ ይቅርታ ለመጠየቅም ቆርጫለሁ» የሚል ወረቀት ተጫዋቹን በእርግጥም ተዋናይ ያደርገዋል፤ ስሜቱም ውሳኔውም አልቋል፣ የቀረው መናገር ነው። ይህን ደግሞ እዩት፦ «ወንድሜን ለወታደሮች የጠቆምኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም። አሁን በዚሁ መርከብ ላይ አብረን አለን።» ሦስት እውነታዎች ናቸው፤ ስሜት የለም፣ ውሳኔ የለም። ይናገር ይሆን? ይደብቅ? ጠቋሚው ሌላ ሰው እንደሆነ አስመስሎ ያሳብብ? እንዲያውም ትክክል ነበርኩ ብሎ ይኮራ ይሆን? አራት ሰዎች ይህን ወረቀት ቢይዙ አራት የተለያዩ ምሽቶች ይወጣሉ። ደንቡ እንግዲህ ቀላል ነው፦ የሆነውን ጻፍ፣ የሚፈለገውን ጻፍ፣ የሚሰማውንና የሚደረገውን ተው።

(መንገዴን ልግታና አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ወረቀት የሚያዘጋጅ ሰው «አንተ» ብሎ ሲጽፍ ሳያስበው ጾታውን ወስኗል፤ ግሡ ሁሉ ይከተለዋል። ከላይ ያለው ምሳሌ «እኔ» እያለ የተጻፈው ለዚህ ነው። በአንደኛ መደብ ግሡ ወንድም ሴትም አይለይም፤ አንዱ ወረቀት ለማንም ይሆናል። ተጫዋቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበውም ወዲያው በሚናው ውስጥ ይገባል።)

በ2009 የወጣው ሌዲ ብላክበርድ የተባለው ጨዋታ ለጸሐፊው ክስ ከማንኛውም ክርክር የተሻለ መልስ ነው። አምስቱም ገጸ ባሕርያት ዝግጁ ናቸው፤ የራስን መፍጠር ከነጭራሹ የለም። መርከባቸው በንጉሠ ነገሥቱ የጦር መርከብ ተይዛ ሳለ ጨዋታው ይጀምራል። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ገጸ ባሕርዩን የሚገፋፉ ጠባዮች ተዘርዝረዋል፤ ተጫዋቹ በእነሱ ሲመራ ይሸለማል። ዋናው ነገር ግን እያንዳንዱ ጠባይ የሚጣልበት መንገድ አብሮት መጻፉ ነው፤ ያንን ጠባይ በሚያፈርስ ድርጊት ጥሎት ለሚወጣ ተጫዋችም ሽልማት አለ። የመለወጥ መብቱ በወረቀቱ ላይ ታትሞ ተሰጥቶታል። ይህን የመሰለ ነፃነት ከባዶ ወረቀት የተፈጠሩ ስንቶቹ አላቸው?

ለየብቻ ተፈጥረው የመጡ ገጸ ባሕርያት ሊያደርጉት የማይችሉትም አለ። አምስት ሰው በየቤቱ ፈጥሮ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሰበሰቡት አምስት ወላጅ አልባ፣ ማንንም የማያምኑ ብቸኞች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሰዓት እነሱን አብሮ ለማስቀመጥ ሰበብ በመፈለግ ያልቃል። ወረቀት የሚያዘጋጅ ሰው ግን ግንኙነቱን አስቀድሞ ይሸምነዋል። በአምስት ሰው መካከል 10 ጥንድ ግንኙነት ሊኖር ይችላል፤ አሥሩንም መጻፍ ከንቱ ድካም ነው፣ የሚያስታውሰውም የለም። አምስቱን በክብ አስቀምጦ እያንዳንዱን ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ጋር ማያያዝ 5 ግንኙነት ብቻ ይፈልጋል። አንዱ ተጫዋች ቢቀር ሁለቱ ይበጠሳሉ፤ የቀሩት አራቱ ግን በ3 ማያያዣ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይቆያሉ። ሁሉንም ከአንድ «ዋና» ሰው ጋር ያያዘ አዘጋጅ ግን ያ ሰው ሲቀር ምሽቱን ያጣል። በ2014 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ማስጀመሪያ ሣጥን ውስጥ ያሉት አምስት ወረቀቶች በሌላ መንገድ ይህንኑ አድርገዋል፤ ድንኩ ካህን በሣጥኑ ጀብዱ ውስጥ ያለውን የማዕድን ጉድጓድ ላገኙት ወንድማማቾች ዘመዳቸው ነው፣ ሌባው ደግሞ በዚያው ጀብዱ ያለችውን ከተማ የያዘው የወሮበላ ቡድን ሊገድለው ሞክሮ የተረፈ ነው። ባለ ሣጥኑ ተጫዋች «እዚህ ምን እሠራለሁ?» ብሎ አይጠይቅም።

ስለ አራተኛው ብዙ አልልም። እውነት ነው፣ በገበያ ያሉት ብዙዎቹ የተለመዱ ፊቶች ናቸው። ይህ መጥፎ ስም ከየት እንደመጣም ይታወቃል። እንደ 1975ቱ የኦሪጂንስ የጨዋታ ጉባኤ ባሉ ውድድሮች ብዙ ቡድኖች አንድ ዓይነት ጀብዱ ይጫወቱና ማን ርቆ እንደሄደ ይወዳደሩ ነበር። ውድድሩ ፍትሐዊ እንዲሆን ሁሉም እኩል ገጸ ባሕርይ መያዝ ነበረበት፤ ወረቀቱም ከቁጥር ያለፈ ነገር እምብዛም አልነበረውም። ለዚያ ዓላማ በቂ ነበር። ቁጡ ድንክን ግን ሰው ራሱም ይፈጥረዋል፤ ደጋግሞ ይፈጥረዋል። ክፋትም የለበትም፤ በአንድ መሥመር የሚገባ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ መናገር ይጀምራል።

አምስተኛው፣ የሰዓቱ ጉዳይ። «አንድ ሰዓት» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጽሑፉ አይናገርም፤ እኛ ግን እናስላው። ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ማለትም 240 ደቂቃ ነው። አምስት አዲስ ተጫዋቾች፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ የጨዋታ መሪ። መሪው ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 75 ደቂቃ ሄደ፤ በዚህ ጊዜ አራቱ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ዕቃ መግዛትና ድግምት መምረጥ ሲጨመር 100 ደቂቃ ቢደርስ አይገርምም። ዕረፍትና የሕግ ማብራሪያ ሌላ 30 ይወስዳሉ፤ ለጨዋታው 110 ቀረ። ዝግጁ ወረቀት ሲሆን ለመምረጥ 10፣ ክፍቱን ቦታ ለመሙላት 10፣ ለዕረፍትና ለማብራሪያ ያው 30፤ 190 ደቂቃ ይተርፋል። ቡድኑ አሥር ጊዜ የሚገናኝ ከሆነ የመጀመሪያውን ምሽት ለመፍጠር መስጠት ተገቢ ነው። አንድ ምሽት ብቻ ላለው ግን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን መውሰድ ነው። ያንን ሰው ትዕግሥት የለውም ማለት ከጸሐፊው አልጠበቅሁም።

ስንፍናውንም በተመለከተ፦ ሰነፍ የጨዋታ መሪ ወረቀት አያዘጋጅም፤ ባዶውን አድሎ «ፍጠሩ» ይላል። ጥሩ አድርጎ ማዘጋጀት ሥራ ነው። የወረቀቶቹ ቁጥር ከተጫዋቾቹ በ2 መብለጥ አለበት፤ ያኔ መጨረሻ የሚመርጠው ተጫዋች እንኳ ከሦስት ይመርጣል። አንድ ሰው፣ አንድ ገጽ፣ ጀርባው ባዶ። ቁጥሮቹ ተደምረው መቀመጥ አለባቸው፤ ጉልበት 16 ብሎ መጻፍ አዲሱን ሰው ወደ ስሌት ይመራዋል፣ «ጎራዴ፦ ባለ 20 ዳይስ ጣል፣ 5 ደምር፤ ከመታሁ ባለ 8 ዳይስ ሲደመር 3» ግን ወዲያው ያጫውተዋል። ድግምት ካለ ሙሉ ቃሉ እዚያው ይጻፍ፤ መጽሐፍ ማገላበጥ ጨዋታውን ያቆማል። ስም፣ መልክና የሁለት ጥያቄዎች መልስ ክፍት ይተዉ። ጥያቄው «የምትወደው ቀለም ምንድን ነው?» ዓይነት አይሁን፤ «በዚህ ጠረጴዛ ካሉት ለማን ነው ብድር ያለብኝ?» ይሁን።

የሚበላሸው የት እንደሆነም ይታወቃል። ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ ምስጢር ብዙ ጊዜ ሳይወጣ ይመሻል፤ ግማሹን በሌላ ወረቀት ላይ ማኖር ይሻላል፣ «ጠቋሚው ከመካከላችን መሆኑን አውቃለሁ» እንደማለት። ሌላው ችግር አንዱ ጀግና ሆኖ ሌሎቹ አጃቢ መሆናቸው ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሣህ «ይህ ሰው ባይኖር ታሪኩ ምን ይጎድለዋል?» ብለህ ጠይቅ። ምንም የማይጎድለው ካለ ያ ወረቀት እንደገና ይጻፍ።

ቡድኑ ከዚያ ምሽት በኋላ መቀጠል ከፈለገ ደግሞ፣ ከሁለተኛው ምሽት በፊት እያንዳንዱ ተጫዋች በወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይለውጥ፦ አንድ ችሎታ፣ አንድ ክህሎት ወይም ድግምት፣ አንድ የታሪክ መሥመር። በጠረጴዛው ላይ ጮክ ተብሎ የተነገረው ብቻ አይነካም። ሙሉ በሙሉ ጥሎ አዲስ መፍጠር የሚፈልግም ይፍጠር፤ አሁን 15ን የት እንደሚያኖር ያውቃል።